የራህመት ውሻና የእኔ ጋዋን

ሥራ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ሁለት ነገር ፈርሜ ተረከብኩ፤ አንድ የከብት ቴርሞሜትርና አንድ ካኪ ጋዋን። ጋዋኑ ለወንድ ቁመት የተሰፋ ስለ ነበር እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፍኩት። ኪሶቹ ጥልቅ ናቸው፤ እጄ እስከ ክንዴ ይገባባቸዋል።

የእንስሳት ጤና ጣቢያው አሰላ ከተማ ዳር ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። ኃላፊያችን ዶክተር ገረመው በሩ ጀርባ ያለውን ሚስማር አሳዩኝ።

"ይህ ሚስማር ያንቺ ነው። ጠዋት ጋዋንሽን ከዚህ ታወርጃለሽ፣ ማታ እዚሁ ትሰቅያለሽ። ጋዋን ከዚህ ግቢ አይወጣም። በሽታ ይዞ ይዞራል።"

"እሺ ዶክተር" አልኩ። በዚያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ዓመቴ፣ ጮሌ አካባቢ ባለው መንደራችን፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ አሰላ መጥቼ ማታ ማታ እየተማርኩ ስምንተኛን ጨረስኩና ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ተመረጥኩ። ዘግይቼ ስለ ተማርኩ የተነገረኝን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ። የሚስማሩንም ነገር ጻፍኩት።

ማዕረጌ ጀማሪ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ሥራው ከብት መክተብ፣ ቁስል ማጠብ፣ መርፌና ሲሪንጅ መቀቀል፣ መድኃኒት መመዝገብ ነው። ወንዶቹ ባልደረቦቼ በሬ ጥለው ሲያስሩ እኔ መርፌ እወጋለሁ። የጣቢያው ዘበኛ ጋሽ ቱፋ በየጠዋቱ "አስካለ፣ ዛሬስ በሬው ይጥልሻል ወይስ አንቺ ትጥይዋለሽ?" ይለኛል። እኔ ብዙ አላወራም። እሱ የእኔንም ድርሻ ጨምሮ ያወራል።

በሁለተኛው ዓመት ዘይነባ የምትባል ሴት ጀርባው የተላጠ አህያ ይዛ መጣች። ከዴራ ከሰል እየጫነች አሰላ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ወደ ሰሜን ከዘመተ ቆይቷል፤ ደብዳቤም አልጻፈም። ከአህያው ኋላ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የጭነቱን ገመድ ጨብጣ ቆማለች። ቀና አላለችም። ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ዓይኗን ወስዶታል። ስሟ ራህመት ነው።

ቁስሉን በጨው ውኃ ሳጥብ ልጅቷ "አህያው ጉድጓድ ያውቃል፤ ሲቆም እቆማለሁ" አለችኝ።

"ትምህርት ቤትስ?"

መልሱን እናቷ ሰጠችኝ። "ዳይሬክተሩ የምቀበላት ብቻዋን ከመጣች ነው አለ። እኔ ብዙውን ቀን ዴራ ነኝ። አህያውም ከእኔ ጋር ነው። ማን ይምራት?"

ራህመት የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ፣ ልጆች ከውስጥ ሲያነቡ እየሰማች፣ የአንደኛ ክፍሉን መጽሐፍ በቃሏ ይዛዋለች። ቁስሉን እስክጨርስ አራት ገጽ አለችልኝ። እኔ በሃያ ዓመቴ የጀመርኩትን በዘጠኝ ዓመቷ ከአጥር ውጪ ጨርሳዋለች። በዚያ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በከተማው ንባብ ቤት አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሔት አይቼ ነበር። በውስጡ ዓይነ ስውር ሰው እጀታ ያለው ቀበቶ የታጠቀ ውሻ ይዞ መንገድ ሲሻገር የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ። ተመልሼ ሄድኩና ገጹን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ በስድስት ምሽት ገለበጥኩት። ከዚያ "ጉዳዩ፦ መሪ ውሻ እንዲሰጥ ስለ መጠየቅ" የሚል ማመልከቻ ጽፌ ለዶክተር ገረመው አቀረብኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "አስካለ፣ እኛ ለሰው መርፌ አጥተናል።"

"አውቃለሁ ዶክተር። ግን መጠየቅ ክልክል አይደለም።"

ፈርመው ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ከአምስት ወር በኋላ መልስ መጣ። የተጠቀሰው ዓይነት ውሻ በአገር ውስጥ አለመኖሩን እንገልጻለን፤ ልጅቷም በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ቦታ ሲገኝ ትታያለች ይላል። ማኅተሙ ትልቅ ነበር። ጋሽ ቱፋ ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ "ውሻው አብሮ የለም?" አለ።

ከአዲስ አበባ ካልመጣ እዚሁ ራሴ አንድ ውሻ አስተምራለሁ አልኩ።

ውሻውን ያገኘሁት አርቦዬ አጠገብ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመስጠት በወጣንበት ቀን ነው። ሌሎቹ ውሾች አራት ሰው እየያዛቸው ይጮኻሉ። ይህ ግን መርፌው ሲገባ ዞር ብሎ ክንዴን አየና ዝም አለ። ነጭና ቡኒ ዝንጉርጉር፣ ዓመት የሞላው ወንድ ውሻ ነው።

ባለቤቱ ገበሬ "ከወደድሽው ውሰጂው" አለኝ። "ጅብ መጥቶ በጉን ሲበላ ቁጭ ብሎ ያያል። የእኔን ምሳ ነው የሚጠብቀው።"

ስሙን እዚያው ቡሬ አልነው፤ በኦሮምኛ ዝንጉርጉር ማለት ነው። በጣቢያችን ላንድሮቨር ኋላ ከክትባቱ የበረዶ ሳጥን አጠገብ ተኝቶ አሰላ ገባ።

አስቸጋሪዋ ዘይነባ ነበረች። "ውሻ ቤቴ አይገባም። ምራቁ ከነካኝ ሰላቴ ይበላሻል" አለች። እኔም አልተከራከርኩም፤ እምነቷ ነው። በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣች። "ሼኹን ጠየቅኋቸው። ለሥራ ከሆነ ይሁን አሉ። ግን ከአህያው ጋር ያድራል፤ እሷም እጀታውን እንጂ አፉን አትነካም።" ተስማማን። እጀታውን የጋሪ ፈረስ ዕቃ የሚሰፋ ሰው ከአሮጌ ቆዳና ከተቆለመመ እንጨት ሠራልኝ። ቁመቱን በራህመት ክንድ ለካሁት።

ቡሬን ያስተማርኩት አንድ መንገድ ብቻ ነው። ከዘይነባ ቤት ተነስቶ ባሕር ዛፉን ይዞ ይወርዳል፤ የእንጨት ድልድዩ ላይ ይቆማል፤ የጋሪ መቆሚያውን በግራ ያልፋል፤ አስፋልቱ ጋ ይቀመጣል፤ ከዚያ የትምህርት ቤቱ በር። ትእዛዙን በራህመት ቋንቋ አደረግነው። "ዴሚ" ስትለው ይሄዳል፣ "ታኢ" ስትለው ይቀመጣል። በትክክል ከሠራ አንድ ቁራጭ የተቀቀለ ሳንባ ከእጄ ያገኛል። ቁጭ ካላለ አያገኝም።

የማስተምረው ከሥራ ስወጣ፣ ከአሥር ሰዓት ተኩል እስኪመሽ ነው። አንድ ደህና ቀሚስ ብቻ ነበረኝ። ውሻ ይዘላል፣ ጭቃ ነው፣ ሳንባም ኪስ ይፈልጋል። ስለዚህ ጋዋኑን ለብሼ ከግቢ መውጣት ጀመርኩ። ደንቡ ለበሽታ ነው፤ ቡሬ ደግሞ ተከትቧል፣ ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ ደንቡ እኛን አይመለከትም ብዬ አሰብኩ። ይህን ምክንያት በደብተሬ ጽፌዋለሁ። አሁንም አለ።

አንድ ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። በከተማችን በየዓመቱ የውሻ ማጥፋት ዘመቻ ይደረጋል። የዘመቻው ኮሚቴ ቀን ይቆርጣል፤ በድምፅ ማጉያ ሦስት ቀን "ውሻችሁን እሰሩ" ይባላል፤ ከዚያ ስትሪክኒን የሚባል መርዝ የገባበት ሥጋ በየመንገዱ ይጣላል። ሥጋውን የሚያዘጋጀው የእኛ ጣቢያ ነው። ባለፈው ዓመት ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ሰው ሲሞት አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሥራውን አልጠላሁትም፣ አልወደድኩትምም።

ቡሬ ከመሬት አንስቶ እንዳይበላ ማስተማር ነበረብኝ። ሳንባ መንገድ ላይ እጥላለሁ፤ ካሸተተ እጀታውን እስባለሁ፤ ካለፈው ከእጄ ይበላል። ሁለት ወር ፈጀ። በመጨረሻ አሥር ቀን በተከታታይ፣ ሳላስጠነቅቅ፣ በተለያየ ቦታ ጥዬ ፈተንኩት። አሥሩንም ቀን ረግጦ አለፈ። በደብተሬ አሥር ምልክት አደረግሁ።

ዳይሬክተሩ ራህመት ብቻዋን ከበሩ ስትደርስ መስኮት ላይ ሆነው አዩ። ወጥተው ውሻውን ዞሩት። "ጓድ አስካለ፣ ይኸ ነገር ከእኔ አቅም በላይ ነው" አሉኝ። ከዚያ ግን መዝገቡን ከፈቱ። "ውሻው ከበር ውጪ ይጠብቃል። ግቢ አይገባም። ልጅቷን ማንም ሲመራት እንዳላይ፤ ሞግዚት የለኝም። ፈተናውን በቃል ትፈተናለች። ከፈተና ከቀረች ስሟ ይሰረዛል።"

"እሺ" አልኩ። ይህንንም ጻፍኩ።

ራህመት አንድ መንፈቅ ተማረች። ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ በጣቢያችን ፊት ያልፋሉ፤ እሷ ቀና ብላ፣ ቡሬ ዝቅ ብሎ። የጋሪ ነጂዎቹ መጀመሪያ "ውሻ ተማሪ ሆነ!" እያሉ ያሾፉ ነበር፤ በኋላ ፈረሳቸውን ገታ አድርገው ያሳልፏቸዋል። ጋሽ ቱፋ በሩ ላይ ቆሞ "ቡሬ፣ ስንተኛ ወጣህ?" ይለዋል። ራህመት "አንደኛ!" ትላለች። እሷ ስትስቅ ከዚያ በፊት አልሰማሁም ነበር።

የዘመቻው ቀን ተቆረጠ። ሦስተኛው የዘመቻ ቀን ከራህመት ፈተና ጋር ገጠመ። ኮሚቴውን ቀን ለውጡ አልኩ፤ አልሆነም። ዳይሬክተሩን ሌላ ቀን ይፈትኗት አልኩ፤ "መመሪያ ነው" አሉ። ዘይነባ ዴራ ናት። እኔ የዘመቻ ተረኛ ነኝ፤ ከጣቢያ መውጣት አልችልም።

ዶክተር ገረመው "እሰሪው" አሉኝ።

"ፈተናዋ ነው ዶክተር። ከመሬት አይበላም፤ አሥር ጊዜ ፈትኜዋለሁ።"

"እሰሪው ብያለሁ። የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ።"

ጋሽ ቱፋ ሰምቶ ነበር። "እኔ አድርሼ ልመልሳት፤ ምን አለበት?" አለኝ።

"ሰው ሲመራት ካዩ ይሰርዟታል። ብቻዋን ነው የተባለው።"

"ከሩቅ እከተላት።"

"አያስፈልግም ጋሽ ቱፋ። ቡሬ ያውቃል።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ሥራዬን አምኜው ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ስዘገይ ቆይቼ አንድ ነገር በትክክል ሠርቻለሁ ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው የዘመቻ ቀን ከቀበሌ ሦስት የቀን ሠራተኞች ተላኩልን። ከሌላ ሰፈር የመጡ ናቸው፤ ቡሬን አያውቁትም። መርዝ ልብሳቸውን እንዳይነካ ከመጋዘን ሦስት ካኪ ጋዋን አውጥቼ አስፈርሜ ሰጠኋቸው። ሳንባውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የታሰረ ውሻ እንዳትነኩ፣ ልጆች ባሉበት እንዳትጥሉ አልኳቸው። "የልጅቷን ውሻ" አላልኩም። ከመሬት የማይበላ ውሻ ምን ያሰጋዋል ብዬ።

ሁለት ቀን በሰላም አለፈ። ራህመትና ቡሬ በተጣለው ሥጋ መሀል ሄደው ተመለሱ። በሁለተኛው ቀን ድልድዩ አጠገብ ያለፈውን ቁራጭ ራሴ ሄጄ አየሁት። ሳይነካ ጉንዳን ወርሮታል። አሥራ አንደኛ ምልክት አደረግሁ።

በሦስተኛው ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ከሠራተኞቹ አንዱ ባዶ ባልዲ ይዞ ተመለሰ። ደስ ብሎት ነበር። "እትዬ፣ የአሰላ ውሻ ጨዋ ነው እኮ!" አለኝ። "ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያገኘሁት ጉድ ነው። ጣልኩለት፣ እንቢ አለ። ኪሴ ውስጥ ወዳስቀመጥኳት ቁራጭ እጄን ስሰድ ግን ጋዋኔን አየና እንደ ሰው ቁጭ አለ። ከእጄ ነው የተቀበለኝ። ጣቴን እንኳ አልነካም።"

ጋሽ ቱፋ ተነስቶ ቆመ። እኔ ሮጥኩ።

ራህመት ፈተናዋን ጨርሳ ወጥታ ነበር። እጀታውን ይዛ "ዴሚ" ብላዋለች። ቡሬም ሄዷል። አስፋልቱን አሻግሯታል፤ የጋሪ መቆሚያውን በግራ አሳልፏታል። ድልድዩ ላይ ሲደርስ እግሮቹ ደረቁ።

ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። ውሻው መሬት ላይ ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ አረፋ ደፍቋል። "እብድ ውሻ ነው! ልቀቂው! አንቺ ልጅ ልቀቂ!" እያሉ ከሩቅ ድንጋይ ይወረውራሉ። ራህመት ከጎኑ ተቀምጣ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛለች። አንዱ ድንጋይ ትከሻዋን መትቷታል። የት እንዳለች አታውቅም ነበር፤ ቡሬ ከቆመ በኋላ አቅጣጫ የሚነግራት የለም።

"አትወርውሩ! መርዝ ነው! ተመርዞ ነው!" አልኩ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ድምፄን ስትሰማ "እትዬ" አለች፤ "ዴሚ አልኩት። በትክክል ነው ያልኩት። ለምን ቆመ?"

ከኪሴ የሚሰጥ መድኃኒት አልነበረኝም። በጣቢያውም አልነበረንም። ትንሽ ቆይቶ ቡሬ መንቀጥቀጡን ተወ። እጀታውን ከእጇ ለማስለቀቅ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማንሳት ነበረብኝ። ጋሽ ቱፋ ደርሶ ውሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸከመው፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቀበረው። በዚያ ቀን አንድ ቀልድ አልተናገረም፤ ከዚያ በኋላም ለእኔ ብዙ አልቀለደም።

ዶክተር ገረመው "ብዬሽ ነበር" አላሉኝም። ሪፖርቱን ሲያዩ ብቻ "ጋዋን ለብሰሽ ነበር የምታስተምሪው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አዎ።"

ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ራህመት ፈተናውን አልፋለች። ውጤቷን ይዤ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። "ጎበዝ ልጅ ናት" አሉ። "ለሚቀጥለው መንፈቅ እንዴት ትመጣለች?"  ሌላ ውሻ ለማስተማር ዓመት ይፈጃል። ጋሽ ቱፋ ይምራት ብዬ ጠየቅሁ፤ "አንድ ጊዜ ከፈቀድኩ ለሁሉም ነው" አሉ። ስሟ ከመዝገብ ወጣ።

ቡሬ ከሞተ በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ከዴራ መመለሷን ሰምቼ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄድኩ። እውነቱን እናትየው ብቻ ሳትሆን ልጅቷም እንድትሰማ ፈለግሁ፤ ትእዛዙን ያበላሸች መስሏት ነበርና። ከበሩ ውስጥ አህያው ይተነፍሳል። እጀታው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የመርዙን ሥጋ እኔ እንደ ቆረጥኩ፣ ልብሱን እኔ እንደ ሰጠሁ፣ ቡሬ ከካኪ ጋዋን እጅ እንዲበላ ያስተማርኩት እኔ እንደ ሆንኩ፣ እሷ ምንም እንዳላጠፋች።  ዘይነባ "ያ ረቢ" ብቻ አለች።

ራህመት "እትዬ፣ ያን ልብስ አሁን ለብሰሽዋል?" አለችኝ።

ከሥራ በቀጥታ ነበር የመጣሁት። "አዎ" አልኩ።

እጇን ዘርግታ እጅጌዬን ፈለገች። እጥፋቱን፣ ቁልፉን፣ ኪሱን ዳሰሰች። እጇን እስከ ክንዷ ኪሴ ውስጥ ከተተችና ባዶ መሆኑን አወቀች። ከዚያ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። 

ክረምቱ ሳይገባ ዘይነባ ልጇን ይዛ ወደ ዴራ፣ ዘመዶቿ ዘንድ ገባች። ከዓመታት በኋላ ለክትባት ዴራ ወርጄ ጠየቅሁ። ከሰል በሚሸጥበት በረንዳ ላይ እህል ስትለቅም የምትውል ዓይነ ስውር ልጅ እናውቃለን አሉኝ። እስከ ቤታቸው በር ድረስ ሄጄ ነበር። የምይዝላት ነገር ስላልነበረኝ አልገባሁም።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ሌላ ውሻ አላስተማርኩም። በሥሬ ለመጡት ጀማሪዎች ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሚስማራቸውን አሳያቸዋለሁ። "በሽታ ይዞ ይዞራል" የሚለውን ብቻ አልነግራቸውም፤ ይህንንም እጨምራለሁ፦ እንስሳ የሚያምነው እናንተን ሳይሆን የለበሳችሁትን ሊሆን ይችላል፤ ያንኑ ልብስ ደግሞ ሌላ ሰው ይለብሰዋል። ስለዚህ ከግቢ ስትወጡ ጋዋናችሁን ሚስማሩ ላይ ስቀሉት።